በስሜ የተከደነ ጋን

ናፈቀኝ ያ ወይን። ናፈቀኝ ያ ቀይ፣ ከቀይም አልፎ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ሲቀዳ የዋንጫውን አፍ የሚያቀላ፣ ያ የአንድ ቤት ወይን።

ቤቱ ሱቅ አልነበረውም። ስም የተጻፈበት ጠርሙስም አልነበረውም። ከደጃፍ እስከ አጥር የምትደርስ እርሻ ነበረችው፤ ከራስጌዋ የካውካሰስ በረዶ፣ ከግርጌዋ የአላዛኒ ሸለቆ። ካኼቲ ነው አገሩ፣ የጆርጂያ ምሥራቅ። እዚያ ቀረ ልቤ። እዚያ፣ ከአፈር በታች።

ሳፔራቪ ይሉታል ፍሬውን፤ ማቅለሚያ እንደ ማለት። አብዛኛው ጥቁር ወይን ቢላጥ ሥጋው ነጣ ያለ ነው። ይሄ ግን ውስጡም ቀይ ነው። ጣቴን አቀላው፣ ከንፈሬን አቀላው። ጣቴ ሰነበተና ጸዳ፤ ከንፈሬም ጸዳ። ያልጸዳው ሌላው ነው።

መስከረም ሲጋመስ ይጀመር ነበር ለቀማው። በእኔ አገር አደይ ሲፈነዳ፣ ደመራ ሲደመር፣ እዚያ ዘለላው ይወርድ ነበር። ቅርጫት ተሸክሜ በረድፉ መካከል ስሄድ የለቃሚዎቹ ዜማ ይመጣል፣ በሦስት ድምፅ። አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ከሥር እንደ ምድር ይሸከማቸዋል። ቃሉን ሳልሰማው ዕንባዬ ይቀድመኝ ነበር።

በአያትየዋ አልጋ ራስጌ መስቀል ነበረ፣ ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነበሉ። ቅድስት ኒኖ ከወይን ሐረግ ሠርታ በገዛ ጸጉሯ አሰረችው የሚሉት መስቀል፣ የእሱ አምሳያ። መስቀልን ከአገሬ ርቄ ዋልኩ፤ መስቀሉም ወይን ሆኖ ጠበቀኝ።

ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ገንዳ ውስጥ በእግራችን ረገጥነው። ሞቀን። ሳቅን። ጭማቂው ከነልጣጩ ወደ ማራኒው ወረደ፣ ወደ ወይኑ ቤት። በማራኒው ወለል ላይ አፍ ብቻ ነው የሚታየው፤ ጋኖቹ እስከ አንገታቸው ተቀብረዋል። ክቬቭሪ ይሏቸዋል። ውስጣቸውን በንብ ሰም ይቀቧቸዋል።

የእኛ ጋን በጠጠር ይደገፋል። የእነሱን የደገፈችው ምድር ናት። ብርዱን እሷ ትከለክላለች፣ ሙቀቱን እሷ ታበርዳለች። ልጣጩም ፍሬውም ወደ ሾለው ታች ይሰጥማል፤ ወይኑ በጨለማ፣ ብቻውን፣ ይጠራል። 8 ሺህ ዓመት ያህል ወይን ሲጠመቅ የኖረበት ምድር ነው። መቻኮል አያውቅም።

ልጅ ሲወለድ ጋን ይሞላል፤ ለሠርጉ ይከፈታል። ወጋቸው ነው። እኔ እዚያ አልተወለድኩም። እኔ ለትምህርት የመጣሁ እንግዳ ነበርኩ፣ ስሜን እንኳ አስተካክለው የማይጠሩት። ግን መስከረም 1977፣ በመጨረሻው ለቀማዬ፣ አባወራው ትንሿን ጋን ሞሏት። ድንጋይ ከደኑባት፣ በጭቃ ለሰኗት፣ አፈር አለበሷት።

«ስትመለስ» አሉ።

እማወራዋ ብዙ አልተናገሩም። «ሽቪሎ» ብቻ አሉኝ። ልጄ ማለት ነው።

አልተመለስኩም።

ሰባ ሰባት ነበር ዘመኑ። አገሬ ስገባ ምድሩ ደርቆ፣ ሰው በየመንገዱ ወድቆ ጠበቀኝ። እህል በጠፋበት ዓመት ወይን እንዴት ይናፈቃል? ዋጥኩት ናፍቆቴን። በዚያው ዓመት፣ በግንቦት፣ ከሞስኮ አዋጅ ወጣ፤ የጎርባቾቭ ዘመቻ በመጠጥ ላይ። በጆርጂያም ወይን ከነሥሩ ተነቀለ። እዚህ ቡቃያው ደረቀ፤ እዚያ ሐረጉ ተነቀለ። ለየትኛው ላልቅስ? ለሁለቱም አለቀስኩ፤ ለአንዱ በአደባባይ፣ ለአንዱ በጓዳ።

ደብዳቤ እጽፍ ነበር። በ1984 ያ ትልቅ መንግሥት ፈረሰ፤ ፖስታው ላይ የምጽፈው የአገር ስም ጠፋ። ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ጻፍኩ፣ መልስ የለም። መጻፍም ተወኝ።

በ2006 ዩኔስኮ ያን በተቀበረ ጋን የመጥመቅ ጥበብ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዘገበው። ደስ አለኝ። ደግሞም ከፋኝ። የዓለም የሆነው ወይን አይደለም የናፈቀኝ። የናፈቀኝ የአንድ ቤት ነው።

ጠርሙስ አመጡልኝ ወዳጆቼ፣ ከዚያው አገር፣ ከዚያው ፍሬ። ከፈትኩት። ቀዳሁት። ቀይ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ምላስ ይይዛል፣ ጉሮሮ ያሞቃል። ጥሩ ወይን ነው፣ አልዋሽም። ግን የማራኒው የእርጥብ ጭቃ ሽታ የለበትም። ዜማው የለበትም። «ሽቪሎ» የለበትም።

የቅኔ አገር ልጅ ነኝ፤ ሰም ካየሁ ወርቁን እፈልጋለሁ። አርባ ዓመት ፈለግሁት የዚያን ጋን ወርቅ። ሰሙ ወይኑ ነበር። ወርቁ፣ በሩቅ አገር፣ ከአፈር በታች፣ በእኔ ስም የሚቆይ አንድ ነገር መኖሩ ነበር።

ሌሊት ሲሆን ክፈቱት እላለሁ። አባወራው አልፈው ይሆናል፤ እማወራዋም። ልጅ አግብቶ ይሆናል፣ የልጅ ልጅም ደርሶ ይሆናል። ክፈቱት፣ ጠጡት፣ ከድርሻዬ ጥቂት ለሐረጉ ሥር አፍስሱልኝ። ሌሊት ሲሆን እንዲህ እላለሁ።

ሲነጋ እፈራለሁ። ተከፍቶ እንደሆነ፣ ተጠጥቶ አልቆ እንደሆነ፣ ማን ነው እንግዲህ የሚጠብቀኝ?

ይቆይ። አትንኩት አፈሩን። አታንሡት ድንጋዩን።

ስመለስ።