ሦስተኛው ካንዴላ

ካንዴላ የጣሊያን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ሻማ። ፈረንሳዮቹም በየራሳቸው ቋንቋ ሻማ ይሉታል፣ ጀርመኖቹም «የማቀጣጠያ ሻማ»። እኛ ከጣሊያን የወረስነው የጋራዥ ቃል ብዙ ነው፤ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኮፈኖ፣ ቡሎን። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ ከእነዚህ ቃላት ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ሲዝልና ንግግሩ ሲጠፋ፣ የቀሩለት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ «እሺ»፣ «የለም»፣ «ተይው»፣ የእናቴ ስም። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ፣ ማናችንም ሳንጠብቅ፣ ግቢ የቆመችውን መኪናውን እያየ «ካንዴላ» አለ።

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ አዲስ አበባ «ዲኤክስ» ብላ የምታውቃት፣ ባለ ካርቡሬተሯ። ልንሸጣት ተስማምተን ነበር። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፣ መድኃኒት አለ፣ የጡረታው ብር የትም አያደርስም። ወንድሜ ገዢ አግኝቶ ነበር። ግን ሞተሯ ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይደነቃቀፋል። «ካንዴላ ለውጪላትና ትሸጥ በቃ፣ እንዲህ ሆና ማንም አይገዛትም» አለኝ በስልክ። እኔም ለአባዬ ወንበር አውጥቼ ከመኪናዋ ጎን አስቀመጥኩትና ኮፈኖውን ከፈትኩ።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት፤ የዲኤክስ ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ካንዴላ ቢፈታ ጥርሱ ሊበላ ይችላል። ካንዴላው ዙሪያ ያለው አቧራ አስቀድሞ ይነፋል፤ አለዚያ ሲፈታ ወደ ሲሊንደሩ ይወድቃል። ገመዶቹ አንድ በአንድ ነው የሚነቀሉት፣ የሚያዙትም ከራሳቸው እንጂ ከሽቦው አይደለም። አራቱን ባንድ ጊዜ የነቀለ ሰው ሲመልስ ያምታታቸዋል፤ ይህ ሞተር የሚተኩሰው በ1-3-4-2 ተራ ነውና ተራው ከተዛባ አይነሳም። አባዬ ይህን ሁሉ በቃል ሊነግረኝ አይችልም። እጄ ወደ ሁለተኛው ገመድ ቀድሞ ሲሄድ ግን በግራ እጁ ወንበሩን መታ መታ ያደርጋል። «ተይው» ማለት ነው።

ካንዴላ የሚሠራው ሥራ ሲታሰብ ይገርማል። የባትሪው 12 ቮልት በቦቢና በኩል አልፎ ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ይሆንና፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በምታንስ ክፍተት ላይ ይዘላል። ያ ብልጭታ ነው ቤንዚንና አየሩን የሚያቀጣጥለው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ይተኩሳል። ይህን በከፍተኛ ቮልት የሚሠራ ዘዴ በ1902 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያበቃው ቦሽ ዘንድ ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሲያልፍ የካንዴላ መሠረታዊ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም፤ አንድ ነጭ ሸክላ፣ አንድ ብረት፣ ጫፉ ላይ ጠባብ ክፍተት።

ካንዴላ ግን ከማቀጣጠል ሌላ አንድ ጥቅም አለው፤ ያያትን ይናገራል። ዓይን ከማይገባበት ከሲሊንደሩ ውስጥ የሚወጣ እማኝ እሱ ነው። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ከልክ በላይ ሞቋል። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ይህ የመጨረሻው በአዲስ አበባ ብዙ አይገርምም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ ተብሎ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ያጥረዋል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል።

አራቱን ፈትቼ በጋዜጣ ላይ በተራ ደረደርኳቸው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ደረቅ ጥቀርሻ ነበራቸው። ሦስተኛው ግን እርጥብ ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጣት ላይ የሚለጠፍ። ዘይት ነው። ዘይት እዚያ የሚደርሰው ወይ ፋሻ የሚባሉት የፒስተን ቀለበቶች ሲያልቁ፣ ወይ የቫልቭ ጎማ ሲደርቅ ነው። ፋሻ ከሆነ ሞተር ይወርዳል። ያ ደግሞ የካንዴላ ዋጋ አይደለም።

አዲሶቹን ክፍተታቸውን 0.8 ሚሊ ሜትር ለክቼ፣ በእጄ እስኪያርፉ አዙሬ፣ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ጨምሬ አጠበቅኳቸው። ሞተሩ በአንዴ ተነሣ። ሳይንቀጠቀጥ፣ እንደ ልጅነቷ። የአዲስ ካንዴላ ተአምርና ተንኮል እዚህ ላይ ነው፤ በሽታውን ሳያድን ምልክቱን ያጠፋል። ዘይቱ እንደገና እስኪያቆሽሸው ድረስ፣ ለሳምንታት ምናልባትም ለወር፣ ማንም አያውቅም።

ለወንድሜ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ ገዢው ራሱ መካኒክ ይዞ ይምጣ፤ አሮጌ መኪና እንደሆነች ያውቃል» አለ። የክፋት ሰው አይደለም። የአባዬን የሕክምና ወጪ ወር በወር የሚልከው እሱ ነው፣ የሚቆጥረውም እሱ ነው። ቀጥሎ ያለው ነገር ግን ከመኪናዋ የበለጠ አሳሰበኝ፤ «አባዬ እንደሆነ አሁን ምኑንም አያውቀው። ውክልና ይስጠኝና እኔ ልጨርሰው» አለ።

ገዢው መካኒክ ሳይዝ መጣ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የመጀመሪያ መኪናው ናት፣ ግማሹ ብር የእናቱ ዕቁብ ነው። አስነሥቶ አዳመጠ፣ በሰፈሩ ዞሮ መጣ፣ ፊቱ በራ። «አባባ፣ ጥሩ አድርገው ነው የያዟት!» አለው አባዬን። አባዬ «የለም» አለ።

ወንድሜ ከኋላ «ንግግሩን ስለታመመ ነው፣ እንዲሁ ይላል» ብሎ አስረዳ። አባዬ ግን ግራ እጁን ዘርግቶ፣ መስኮቱ ላይ በጋዜጣ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን አመለከተ። አመጣሁለት። አራቱ አሮጌ ካንዴላዎች ጭኑ ላይ ተዘረገፉ፤ ተራቸው ጠፍቷል። አንዱን አነሳ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሌላውን አነሳ። በአውራ ጣቱ ጫፉን ዳበሰና ለልጁ ሰጠው። ከዚያ ሦስት ጣቱን ዘረጋ።

ልጁ ምን እንደተሰጠው አላወቀም ነበር። የማስረዳቱ ሥራ የእኔ ሆነ፤ ዘይቱን፣ ፋሻውን፣ ሞተር የማውረዱን ነገር። በማግሥቱ መካኒክ ይዞ ተመለሰና ስልሳ ሺህ ብር ቀንሶ ገዛት።

ወንድሜ እስካሁን «ስልሳ ሺህ ብር በአንድ ካንዴላ» ይላል። ስንት ቀን ፊዚዮቴራፒ እንደሚሆን አስልቶታል፤ ስሌቱም ልክ ነው። ልከራከረው አልችልም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ፈላጊ አልጠፋም፤ ሌላ ገዢ ባገኘንም ነበር ይላል። ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ የሚመጡት ልጆች ይህን ቃል ምናልባት ከአያቶቻቸው ብቻ ይሰሙት ይሆናል።

እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት ሌላ ነው። ሁላችንም አባዬ ቃሉን ሲያጣ ፍርዱንም ያጣ መስሎን ነበር፤ በፊቱ እያለ ስለ እሱ እናወራ ነበር፣ የሚበላውን ሳይቀር እኛ እንመርጥ ነበር። አራት ጥቁር ካንዴላ ጭኑ ላይ ተደባልቆ ወድቆ ሳለ ሦስተኛውን የለየ ሰው፣ ለማን እንደሚሰጠውም ያውቃል። ብሩ ስንት እንደሚቀንስ ከእኛ በፊት ያሰላው ይመስለኛል።

የውክልናው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ለሽያጩ ውል አባዬን በዊልቸር ይዘነው ሄድን። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «ፈቃደኛ ናቸው?» አለችኝ።

«እሳቸውን ጠይቂያቸው» አልኳት።