የጎንደር ቆርቆሮ፣ የአሽዶድ ጣሪያ

ጎንደር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ክዳን የሚመርጠው በጌጅ ነው። ባለሱቁን የሚጠይቀው "ሠላሳ አምስት ነው ወይስ ሠላሳ ሁለት?" ብሎ ነው። ገንዘብ ያለው ሃያ ስምንት ይገዛል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር አጭር ነው። አናጢው ሞራሌውን ይመታል፣ ቆርቆሮው ይለብሳል፣ አሸንዳው ይገጠማል፣ ባለቤቱም ስለ ጣሪያው ማሰብ ያቆማል። ልጆቹ አድገው ቤቱን እስኪካፈሉት ድረስ ማንም ወደ ላይ አይወጣም፤ የወጣም ካለ ዲሽ ሊያስተካክል ነው።

እኔ የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ አሽዶድ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ የባሕሩ ሽታ መስኮት ድረስ በሚመጣበት ሰፈር። እዚህ ጣሪያ በየዓመቱ ይታሰባል። መስከረም ሲጋመስ፣ ዮሬ የሚሉት የመጀመሪያው ዝናብ ሳይመጣ፣ የቫዓድ ባይቱ (የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ) ሰብሳቢ በር እያንኳኳ ገንዘብ ይለቅማል፤ ዚፉት ለሚሉት ሬንጅ፣ ለነጭ ቀለም፣ ለተሰነጠቀው መገጣጠሚያ። ከታች ያሉት ሽማግሌ ጎረቤቴ፣ የወገራ ሰው ናቸው፣ ይህን ነገር አይወዱትም። "አምና ከድናችሁት አልነበረም እንዴ?" ይሉኛል፣ ገንዘቡን ቆጥረው እየሰጡ።

ከአገር ቤት የሚደወልልኝ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። "አንተ ያለህበት አገር ምን ይከድናሉ? ስንት ዓመት ይቆያል?" መልስ ለመስጠት የሚያስቸግረው ጥያቄው የጎደለው ነገር ስላለ ነው። የት ነው የሚቆየው?

ጌጅ የሚነግረን የብረቱን ውፍረት ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ግን በላዩ የተለበጠው ዚንክ ነው፤ ስለ ዚንኩ ሱቅ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ደኅና የሚባለው ልባስ ዜድ 275 ይባላል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሁለቱም ፊት ተደምሮ 275 ግራም ዚንክ አለበት ማለት ነው። በአንድ ፊት ሲሰላ ውፍረቱ ወደ 20 ማይክሮን ነው፣ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። በርካሽ ቆርቆሮ ላይ ከዚህም ይሳሳል። አይሶ 9223 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ አየርን እንደ ብረት አበላሉ በደረጃ ይከፍላል። በገጠርና በትንሽ ከተማ ንጹሕ አየር ዚንኩ በዓመት ከ0.1 እስከ 0.7 ማይክሮን ይጎድላል። ጨው በበዛበት የባሕር ጠረፍ ግን ከ4.2 እስከ 8.4 ማይክሮን ይሄዳል። እንግዲህ አስሉት። ያው 20 ማይክሮን ደጋ ላይ፣ ፈጥኖ አለቀ ቢባል እንኳ፣ ወደ 30 ዓመት ይጠጋል። ከባሕሩ አፍ ላይ ከ5 ዓመት አያልፍም፤ ሁለት ዓመት ተኩል የሚሆንበትም አለ። ከዚያ ወዲያ የሚበላው ብረቱ ራሱ ነው፣ ወፍራም ጌጅ ለዝገት የሚጠቅመውም ያኔ ብቻ ነው።

አዲስ ቆርቆሮ ከጥቂት ክረምት በኋላ ብልጭታው ጠፍቶ ግራጫ ሲሆን አገር ቤት "አረጀ" ይባላል። አላረጀም፤ ዚንኩ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ራሱን የሚጠብቅበት ሽፋን አበጀ እንጂ። ጨው ባለበት ግን ያ ሽፋን አይጸናም፤ እየሟሟ ይታጠባል፣ ከሥሩ ያለው ዚንክ እንደገና ይጋለጣል። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብም ጠብታ ሳይወርድ ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ረጥቦ ያድራል። ጣና ዳር ያለ ቤት ይህ ጣጣ የለበትም። እዚያ ያለው እርጥበት ነው፣ ጨው አይደለም።

አገር ቤት የጣሪያ ጠላት ዝናብ ነው። እዚህ ለብረት ክዳን ዝናብ ወዳጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ጎንደር ዶፍ በሚወርድባት ጊዜ፣ አሽዶድ ላይ ሰማዩ ተዘግቶ ይከርማል፤ ነፋሱ ከባሕር ያመጣው ጨው የሚያጥበው ሳያገኝ ክዳኑ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚዝገው ዝናብ የሚያገኘው ጀርባው አይደለም፤ ውሃ የማይደርስበት የጠርዙ የታችኛው ፊት ነው። በሐምሌ ሙቀት የመኪና ማቆሚያውን ክዳን ከላይም ከታችም በጎማ ውሃ የሚያጥብ ሩሲያዊ ጎረቤት አለን። ልጆቹ ይስቁበታል፤ ከሰፈሩ ዳስ ሁሉ ደኅና የሆነው ግን የእሱ ነው።

አጎቴ በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ ሠርቷል። እሱ እንደሚለው እዚያ ቀድሞ የሚያልቀው ሚስማሩ ነበር፤ ራሱ ተበልቶ ይወድቅና አውሎ ሲነሳ ደኅናው ቆርቆሮ ሙሉውን ይገነጠላል። ይህ ዛሬም ይሠራል። ሰዎች 55 በመቶ አሉሚኒየም ያለበትን፣ ቀሪው ከሞላ ጎደል ዚንክ የሆነ ልባስ ያለውን ቆርቆሮ ውድ ዋጋ ከፍለው ይገዙና ርካሽ ሚስማር ይመቱበታል። አምራቾች ያ ልባስ ከተራው ዚንክ እስከ አራት እጥፍ ይቆያል ይላሉ፤ የዋስትናውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ብዙ ጊዜ ለባሕር በጣም የቀረበ ቤት እንደማይሸፈን ያገኛል። ሙሉ አሉሚኒየም ለጨው ከእነዚህ ይሻላል፤ ከመዳብ የሚወርድ ውሃ ካገኘው ግን ይበሳሳል።

የአሽዶድ ሕንፃዎች ክዳን ግን አብዛኛው ሶሌታ ነው። በላዩ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የሬንጅ ምንጣፍ በጋዝ እሳት እየቀለጠ ይለጠፍበታል። ይህን ምንጣፍ የሚገድለው ፀሐይ ነው፤ ዘይቱን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ነጭ የሚቀባውም ለዚህ ነው። በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል። ችግሩ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አብዛኛው አዲስ መኖሪያ ቤት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲኖረው ማዘዙ ነው። ሕጉ መልካም ነው፤ ጣሪያችን ላይ ግን የታንከር እግር፣ ቧንቧና ሽቦ ያልረገጠው ቦታ የለም። ውሃው የሚገባው ሁልጊዜ በእነዚያ እግሮች ሥር ነው። ምንጣፉ ሲከፈት ጨው ያዘለ እርጥበት ወደ ፌሮው ይደርሳል፣ የዛገ ፌሮ ያብጣል፣ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ያኔ ወጪው የቀለም ወጪ መሆኑ ይቀራል።

ሽማግሌው ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ያነሱት ነገር ደስ አለኝ። ወገራ የነበራቸው የሳር ቤት ነበር። በየግንቦቱ፣ ክረምት ሳይገባ፣ የሳሳውን ቦታ እየፈለጉ ሳር ይደርቡበት ነበር፤ ነቀዙንም የምድጃው ጭስ ያባርርላቸዋል። ቤተሰቡ ትቶት የሄደ ሳር ቤት ቶሎ ይፈርስ እንደነበርም ነገሩኝ። ቀድሞ ክዳን በየዓመቱ የሚታይ ነገር ነበር ማለት ነው፤ መርሳት የመጣው ከቆርቆሮ ጋር ነው። ለቫዓድ ባይቱ ግን አሁንም እያጉረመረሙ ነው የሚከፍሉት።

ዕድሜ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ቴል አቪቭ ሳሮና ሄዶ የሸክላ ክዳኖቹን ማየት ነው። ሰፈሩን ቴምፕለር የተባሉ ጀርመኖች በ1871 እ.ኤ.አ. ቆረቆሩት፤ ከባሕሩ ሩቅ አይደለም። በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ጨውን መቶ ዓመት ይችላል፤ የሚለወጠው ከሥሩ ያለው እንጨትና ሚስማር ነው። ከባድ ስለሆነ ግን ለቆርቆሮ የተሠራ ማገር አይሸከመውም። ጨው ምንም የማያደርገው ሌላው ክዳን አስቤስቶስ ነበር፤ ለሳንባ ግን መርዝ ነው፣ እስራኤልም በ2011 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታበታለች። አሮጌው ካለባችሁ ራሳችሁ አትስበሩት፣ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ያንሳው።

እንግዲህ ለደዋዮቼ። ጎንደር ለሚሠራ ቤት የባሕር ዋጋ አትክፈሉ። እዚያ በረዶ ስለሚደበድብ ወፍራም ጌጅ ይሻላል፤ የተረፈውን ገንዘብ ጎማ ላለው ሚስማርና ለአሸንዳ አውሉት። ጅቡቲ ሱቅ የምትከፍተው የአክስቴ ልጅ ግን ጌጁን ትታ ልባሱን ትጠይቅ፣ ሚስማሩን የማይዝግ ታድርግ፣ ግቢው ውስጥ የውሃ ጎማ ጣሪያው ድረስ የሚደርስበት ቧንቧ ከወዲሁ ታስገባ።