የጋፋት ደመወዝተኞች

ሰው ደመወዙን ሲጠየቅ ፊቱን ልብ ብለው ያውቃሉ? እኛ ዘንድ ሕመም ይጠየቃል፣ የልጅ ብዛት ይጠየቃል፣ "ለምን እስካሁን አላገባህም?" እንኳ ያለ ይሉኝታ ይጠየቃል። "ስንት ይከፈልሃል?" ሲባል ግን ጨዋታው ቀጥ ይላል። አንዱ "እግዜር ይመስገን፣ አይጎድልም" ይላል። ሌላው "ያው የመንግሥት ሥራ፣ ታውቀው የለ" ብሎ ሲኒውን ያነሳና ፊቱን ይከልልበታል። የነጋዴውማ መልስ የታወቀ ነው፤ "ገበያው ሞቷል" ነው የሚለው። ዕድሜ ልኩን ገበያው እንደሞተበት ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይድራል።

ደብረ ታቦር ላይ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። የጉና ብርድ ሰውን ከከሰሉ አጠገብ ቶሎ አያስነሳውም። በዚያ ሁሉ ሰዓት ምሬት ይፈስሳል። ስለ አለቃ፣ ስለ ቀረ እድገት፣ በዘመድ ስለተፈጸመ ዝውውር፣ አበል ስለማይወጣለት ስብሰባ ይወራል። ብሶቱ ሁሉ ይወጣል፣ ቁጥሩ ግን አይወጣም። ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው። መንገዴ ግን በጋፋት በኩል ነውና ይታገሱኝ።

ጋፋት ከከተማችን አፍንጫ ሥር ያለች ጸጥ ያለች የገበሬ አገር ናት። የአፄ ቴዎድሮስ ትልቅ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ የተሠራባት ስፍራ መሆኗን የማያውቅ የለም። ስለ መድፉ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሠሪዎቹ የእንጀራ ነገር ግን እምብዛም አይወራም። ታሪካቸውን ከጦር ሜዳው ነጥለው ቢያዩት፣ ባልተማረበት ሙያ የተመደበ ሠራተኛ ታሪክ ነው። እኔ በሒሳብ ሥራ ተመርቄ ዓመታት የመዝገብ ቤት ቁልፍ የጠበቅሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህን ታሪክ ሳነብ ከመድፉ ይልቅ የሰዎቹ ነገር ነው ቶሎ የገባኝ።

ሰዎቹ ከስዊዘርላንድና ከጀርመን አገር የመጡ ወጣቶች ነበሩ። በባዝል ከተማ አቅራቢያ ቅዱስ ክሪሾና በተባለ ስፍራ ሠልጥነው፣ በእጃቸው ሥራ እያደሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ የተላኩ ናቸው። ላኪያቸው የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነበር፤ እሱም በወጣትነቱ ጎንደርን ያየ ሰው ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ወጣቶቹ መጽሐፍ ቅዱስ ጭነው መጡ። ንጉሡ መጽሐፉን አልናቁትም፣ የቸገራቸው ግን መድፍ ነበር። "መድፍ ሥሩልኝ" አሏቸው። ሰዎቹ እንደማያውቁበት ተናገሩ። ቴዎድሮስ ደግሞ "አልችልም" የሚባል መልስ የሚያዳምጡ ሰው አልነበሩም። ጠመንጃ ጠገኑ፣ መንገድ ሠሩ፣ በመጨረሻ ምድጃ አቆሙ። ከሸፈ። ደገሙት። ከብዙ ልፋት በኋላ ነሐሱ ቀልጦ በቅርጹ ውስጥ ወረደ፤ ንጉሡም ደስታቸው ወሰን አጣ።

ተከፈላቸው ወይ? በሚገባ! ጠገራ ብር፣ በቅሎ፣ የክብር ልብስ ተሰጥቷቸዋል። ከመካከላቸው ስሙ የገነነው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቷል፤ ባልደረባው ዛልሙለርም እህቷን። ከፖላንድ መጥቶ አብሯቸው ይሠራ የነበረው ሞሪትዝ ሆልም እዚሁ ትዳር ይዞ ልጆች አፍርቷል። ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የዚህ የጋፋት መድፍ ሠሪ የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ ሴት አያቱ የተወለደችው እዚሁ አገራችን ነው። ይህን በቡና ላይ ሲያወሩት የሚያምንዎ ካገኙ ዕድለኛ ነዎት።

በዘመኑ ሚዛን እንግዲህ የደላቸው ሠራተኞች ነበሩ። ግን መሄድ አይችሉም። ዛሬ ሥራ ያስመረረው ሰው መልቀቂያ ያስገባል፣ ወይ አስገባለሁ እያለ ዓመት ያስፈራራል። ጋፋት ላይ መልቀቂያ የሚቀበል ቢሮ አልነበረም። ንጉሡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ሲጣሉ ደግሞ የጋፋት ሰዎች ነገር ከሠራተኛነት ወደ እስረኛነት ወረደ። ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር አንቀሳቅሰው፣ ገደል እየናዱ መንገድ እየጠረጉ፣ በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በዚያ ጉዞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ዘውድ የጫነ ሰው ድንጋይ ባነሳበት አገር፣ ዲፕሎማ የያዘ ሰው አካፋ ለማንሳት ያፍራል።

ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ። መድፉ እዚያው ቀረ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው አምሳያው ነው። ሰዎቹ ነጻ ወጡ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1873 ብሩማና በተባለች ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በስተርጅና ደግሞ ቤይሩት አጠገብ አስፉሪየ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። መድፍ እንዲሠራ የተገደደው ሰው በመጨረሻ የሚወደውን ሥራ አገኘ። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሕይወት ታሪኩን መጻፉ ነው። ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተሰጠው፣ ምን እንዳስመረረው በወረቀት አስቀመጠ። የእሱን ምሬት ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ የማውቀው ስለጻፈው ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ይምጡ። ወናፉን ማን ነፋው? ከሰሉን ማን አከሰለው? ነሐሱን ማን ተሸከመው? የፈረንጆቹ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የቀረው ጉልበት የእኛው ሰው ነው። ንጉሡ ሙያ እንዲቀስሙ ያሰፈሯቸው ወጣቶችም ነበሩ። ከቫልድማየር መጽሐፍ ጎን የምናስቀምጠው የአንድም ወናፍ ነፊ ማስታወሻ የለንም። ከዚያም አልፎ፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው በገዛ መንደሩ "ቡዳ" ይባል ነበር። ማረሻውን ሠርቶለት ያረሰ ገበሬ ልጁን ለእሱ ልጅ አይድርም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ንጉሥ በአዋጅ የከለከለው ስድብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር እርስዎ ይገምቱ።

ስድቡ ዛሬ ልብሱን ቀይሯል። በአሁኑ ዘመን በያጁን "ቡዳ" የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይልቅ "ተምሮ ተምሮ መጨረሻው ብየዳ ሆነ" ይባላል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በጋፋት ስም ሰይሞታል፣ ደግ አድርጓል። ከዚያ የሚወጣው ወጣት ግን ቤተሰቡ የሚጠብቀው ወንበርና ማኅተም ያለበት ቢሮ ነው። እናት "ልጄ ኢንጂነር ነው" ትላለች፤ ልጁ ባጃጅ ይነዳል፤ ጎረቤት ሲጠይቅ "ሥራ እየጠበቀ ነው" ይባላል። ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ጨብጦ ሥራ እየጠበቀ ነው ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? ባጃጁ ከቢሮው የበለጠ የሚያስገባበት ወር ቢኖርም ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ቁጥሩ ቢነገር ኖሮ ነውሩ በራሱ ጊዜ ይተን ነበር።

ቁጥር ካነሳን አይቀር ትንሽ እንቁጠር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨመረ። ጀማሪ የዲግሪ ተመራቂ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ቡና ላይ "ተጨመረልን" ተባለ፣ እልልም ተባለ። ዶላሩ በ57 ብር ቆሞ ቢሆን ኖሮ የድሮው 6,940 ብር እንኳ ከ120 ዶላር በላይ በሆነ ነበር። አዲሱ 11,500 ብር ግን በወቅቱ በነበረው በ140 ብር ገደማ ሒሳብ 82 ዶላር ያህል ነበር። "እኔ ጤፍ በዶላር አልገዛ" ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ የገበሬው ማዳበሪያ፣ የልጅዎ ስልክ የሚመጣው በዶላር ነው፤ ጤፉም በማዳበሪያና በነዳጅ ነው ከማሳ ገበያ የሚደርሰው። ያልተጻፈ ደመወዝ ሲጨመርም ሲቀነስም አይታወቅም። ብሩ ሲበዛ ደስ ይላል፣ ወሩ ሳያልቅ ያልቃል፤ ጥፋተኛው ሚስት ትሆናለች፣ ወይ ባል፣ ወይ "በረከት የሌለው ዘመን"።

ገንዘብ ያለ ሐፍረት በስሙ የሚጠራበት አንድ ቦታ አለን። እቁብ። ሃያ ሰው በሳምንት አንድ አንድ ሺህ ብር ይጥላል፣ ሃያ ሺህ ብር በዕጣ ለአንዱ ይወጣል። ጸሐፊው መዝገብ ይዟል፣ ዳኛው ይቆጣል፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል። የቀረ ሰው ስሙ በአደባባይ ይነበባል፣ ማንም አይከፋም። ያው ደመወዙን በቡና ላይ የደበቀ ሰው እዚያ "በዚህ ወር ስለጎደለኝ አሳልፉኝ" ይላል፤ ያሳልፉታል። ልጁ የታመመበት አባል ካለ ዕጣውን የሚለቅለት አይጠፋም። ባንክ ይህን ጉዳይ በቅጽ ይጠይቃል፣ እቁብ ፊት አይቶ ይጨርሰዋል።

እቁብን ግን እንደ ታቦት አልሳለመውም። ዋጋ በየሳምንቱ በሚንርበት ጊዜ ቀድሞ የደረሰው በግ ሲገዛ፣ መጨረሻ የደረሰው በዚያው ብር ዶሮና ሽንኩርት ይዞ ይገባል። አክሳሪው ጸጥ ያለው ሰው ነው። ዕጣውን በቅናሽ የሚሸጠው ደግሞ በይሉኝታ ምን ያህል እንደከሰረ ለቤቱ አይናገርም። እዚህም ላይ ቢሆን ሒሳቡን ጮክ ብሎ የሚያሰላ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ረጅም እቁብ ከመግባት አጭሩን መምረጥ ይሻላል ብዬ ነው የምመክርዎ።

ቁጥር የማይሸሸግበት ሌላ ስፍራም አለ፤ ከወረታ ወደ እኛ በሚያመጣው መንገድ ግድም አውራ አምባ አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከባልንጀሮቻቸው ጋር የመሠረቷት፣ በሽመናዋ የምትታወቅ መንደር ናት። እዚያ የማኅበሩ አባላት የዓመቱን ትርፍ እኩል ይካፈላሉ፤ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች። ብዙዎቻችን እንደ እነሱ መኖር አንችልም፤ እኔም አልችልም፣ አልዋሽዎትም። የምቀናበት አንድ ነገር ግን አለ። እዚያ "የጎረቤትህ ድርሻ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ የራስህ ያህል ነው። በቁጥር የሚሸሸግ ነገር ስለሌለ ቁጥሩ አያሳፍርም።

እኛ ግን ሻይ ቤት ሒሳብ ሲመጣ "በሞቴ እኔ ልክፈል" እያልን እጅ ለእጅ እንያያዛለን። የከፈለው ሰው ማታ ለታክሲ ያጣል። ያበደረው ሰው ደግሞ ብሩን ለመጠየቅ አፍሮ መንገድ ይቀይራል፤ የተበደረውም አይቶት መንገድ ይቀይራል። ሁለቱም በየፊናቸው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ደግነታችን እውነተኛ ነው፤ ያለመነጋገር ግን ወዳጅነትን ሲያፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ በረካው ደርሷል። አንድ ነገር ልለምንዎ። የአንድ ብር ደብተር ይበቃል ብዬ ነበር፣ የአንድ ብር ደብተር የለም ለካ! ያለዎት ደብተር ይሁን። በየወሩ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ጤፍ ስንት ነበር፣ ቤት ኪራዩ ስንት ሆነ፣ ሥራ ላይ ምን አስመረረዎ፣ ማን ደረሰልዎ ብለው ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ካሉዎት እርስዎ ይጻፉላቸው፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ የእድሩ መዋጮ ሁሉ በቃላቸው አለ። ከተመቸዎት ደግሞ በሚቀጥለው የእቁብ ቀን ገጹን ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ያንብቡለት፤ እሱም የራሱን ያንብብልዎ። የጋፋት ወናፍ ነፊ ስንት ይከፈለው እንደነበር የልጅ ልጆቹ የሚያነቡት አላስቀረላቸውም። የእርስዎ ልጆች እንዲያነቡ ያድርጉ፤ ዛሬ ማታ ይጀምሩ።