ጅብራ ከዚያ በላይ ወዴት ይወጣል?

ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር በመኪና ተጉዛችሁ ከሆነ ድብ ባሕርን አልፋችኋል። ከሊማሊሞ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሙቀቱ ኮት ያስወልቃችኋል። ከዚያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩትን ጠመዝማዛ መንገድ ትያያዙታላችሁ (ልጆች ከያዛችሁ ፌስታል አትርሱ)፤ ደባርቅ ስትደርሱ ኮታችሁን መልሳችሁ ትደርባላችሁ።

ከደባርቅ በሳንቃበር በኩል ወደ ግጭና ጨነቅ ስትወጡ ደግሞ ዛፉ ያጥራል፣ አስታው ይሳሳል፤ በመጨረሻ ሣሩና ጅብራው ይቀራሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ ከሩቅ ሲያየው ሰው የቆመ መስሎት ነበር። ወፍራም ግንድ፣ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ረጃጅም ቅጠል። ሌሊት ብርዱ ሲበረታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ይሸፍናል፤ እናት ልጇን በጋቢ እንደምትጠቀልል ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይደርቃል።

ዋልያን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጅብራም እንደ ዋልያ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይበቅልም። ከሰሜን ተራሮች ሌላ በጉና፣ በጮቄ፣ በባሌና በመሳሰሉት ከፍታዎች ይገኛል። በተራሮቹ መካከል ያለው ቆላና ወይናደጋ ግን ለእርሱ እንደ ባሕር ነው፤ አይሻገረውም።

የሚያሳስበውም ይህ ነው። አየሩ ሲሞቅ የታች ተክሎች ቀዝቃዛ ቦታ ፍለጋ ወደ ላይ ሊወጡ ይችላሉ። ጅብራ ግን ያለው ጫፍ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ደሳለኝ ጫላ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2080 ለጅብራ የሚመች ሆኖ የሚቀረው መሬት በአማካይ 3.4 በመቶ ብቻ እንደሚሆን ተንብየዋል። ያውም በአራት የተራራ ጫፎች ላይ ተበታትኖ። በዘሩ ውስጥ ካለው ልዩነትም 82 በመቶው ይጠፋል ይላሉ። ይህ ልዩነት አንዱ ችግር ሲመጣ ሁሉም አብሮ እንዳያልቅ የሚያደርገው ሀብት ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ2011 ዓ.ም እሳት ሲነሣበት የአካባቢው ሰው ወጥቶ ተረባርቧል፤ ከእስራኤል ሳይቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተዋል። እሳትን ሰው ያጠፋዋል፣ ከብትን እረኛ ይመልሰዋል። ከድብ ባሕር ሽቅብ የሚወጣውን ሙቀት ግን የትኛው ጥበቃ በር ላይ ቆሞ ይመልሰዋል?

ጨነቅ ካደራችሁ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሡ። ቅጠሉን እንዳጠፈ ታገኙታላችሁ፤ ሲሞቀው ቀስ እያለ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ግን ጋቢያችሁን እንዳትረሱ።