ጎብኚ የማይወጣው ኮረብታ

ሰው አገር ሊጎበኝ ሲነሣ ተራራ ይወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል። ዛሬ የምናወሳውን ኮረብታ ግን ጎብኚ አይወጣውም። ኮሪያን ለሁለት በከፈለው ከጦር ነፃ ቀጣና ውስጥ ይገኛል። ከፍታው ብዙ አይደለም። ቅርጹ የጎድን ሥጋ ቁራጭ ስለሚመስል የአሜሪካ ወታደሮች «ፖርክ ቾፕ» ብለው ሰየሙት።

በሚያዝያ 1953 እ.ኤ.አ. በፓንሙንጆም የዕርቅ ድርድር ሲካሄድ፣ በዚህ ኮረብታ ላይ ደም ይፈስ ነበር። ከተደራዳሪዎቹ አንዱም ደክሞ መታየት አልፈለገምና ለትንሿ ጉብታ በሁለት ቀን ከ77 ሺህ በላይ የመድፍ ጥይት ተተኮሰ።

አሜሪካዊው ብርጋዲየር ጄኔራል ማርሻል ከውጊያ የተመለሱትን ወታደሮች ወዲያው እየሰበሰበ ጠየቃቸው፤ ቃላቸውንም በ1956 በመጽሐፍ አወጣ። በ1959 ሉዊስ ማይልስቶን ታሪኩን ወደ ፊልም ለወጠው፤ ግሪጎሪ ፔክም የመቶ አለቃ ክሌመንስን ሆኖ ተጫወተ። ፊልሙ የተነሣው በካሊፎርኒያ ኮረብቶች ነው። የወታደሩን ድካምና ፍርሃት ሳይደብቅ ያሳያል፤ ፍጻሜውም በኮረብታው መያዝ ነው። እውነተኛው ታሪክ ግን ከዚያ ያልፋል። ሐምሌ 11 ቀን 1953 ጦሩ ኮረብታውን ለቆ ወረደ፤ ከ16 ቀን በኋላ የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈረመ።

ፊልሙ ሌላም የተወው አለ። በዚያው 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር የእኛ ቃኘው ሻለቃ ነበረ። የማርሻል መጽሐፍ በሌሊት ቅኝት የወጡትን ኢትዮጵያውያን ጀብዱ ይተርካል፤ ካሜራው ግን አንዱን የአሜሪካ ሻምበል ጦር ብቻ ተከተለ። ከቃኘው ሠራዊት ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ኮረብታው ቢዘጋም የቹንቾን ከተማ ክፍት ናት። በዚያ በ1968 የኢትዮጵያውያን ዘማቾች ሐውልት ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል። በ2007 የተከፈተው የመታሰቢያ ቤትም ጣሪያው እንደ አገራችን ጎጆ ክብ ነው። የሩቅ አገር ሕዝብ ያልረሳውን እኛ ልንረሳው አይገባም።

እናንት የዘማች ባለቤቶች ሆይ፣ ካሜራ የእናንተን የናፍቆት ሌሊት አላነሣም። ማርሻል ወታደሩን ወዲያው እንደጠየቀ፣ እናንተም ባላችሁ ሲመለስ ቡና አፍልታችሁ ጠይቁት። የሚነግራችሁን ከናንተ ትዝታ ጋር በልጆቻችሁ ደብተር አስጽፉት። ያልተጻፈ ታሪክ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።