መርጫውም እንደ ጠመንጃው ማረፊያ ይኑረው



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አይደለም። አይሱዙ ላይ ስለሚታሰር፣ መርጫና ኬሚካል ስለሚይዝ አንድ የእንጨት መደርደሪያ ነው። በእጃችን ነው የሠራነው። ለምን እንደሠራነው ለመንገር ግን መጀመሪያ የራሴን ጥፋት መናዘዝ አለብኝ። ሰው ስመክር ቆይቼ ጥፋቱን የሠራሁት እኔው ባለሙያው ነኝና።

ቤተሰቤ የሚኖረው ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አየር ጤና አካባቢ ነው። የምሠራው ደግሞ በወሊሶ መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ባለች ቀበሌ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጤፍ በተወቃ ሰሞን፣ ለእናቴ አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቼ አይሱዙ ላይ ጫንኩ። በዚያው መኪና ሁለት የተበላሹ መርጫዎች ይዣለሁ፤ መርካቶ ወስጄ ላስቲካቸውን ላስቀይር ነው። ግማሽ የቀረው የዲያዚኖን ጠርሙስም ነበር። የጣቢያችን በር ቁልፍ ስለተበላሸ ልጆች እንዳያገኙት ብዬ ነው ይዤው የወጣሁት። አያችሁ፣ ለጥንቃቄ ብዬ!

ረዳቱ ጠርሙሱን ይዞ "ይኼን የት ላድርገው?" አለኝ።

"ከጆንያዎቹ መሀል ወትፈው፣ እንዳይንከባለል" አልኩት።

ያቺን ቃል ዛሬም አልረሳኋትም።

ከቀበሌው እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ አልነግራችሁም፣ የእናንተም ያው ነው። አየር ጤና ደርሰን ሸራው ሲገለጥ ሽታው ቀድሞ ወጣ። ክዳኑ ላልቶ ጠርሙሱ በጎኑ ተኝቷል፤ የእናቴ ጆንያ አንድ ጎኑ ርሷል።

"ምንድን ነው የሚሸተው ልጄ?" አለችኝ እናቴ። ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና "እሺ፣ የረጠበውን እናንሳለት። የቀረውን ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። እህል ይጣላል እንዴ?" አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአፍታ ልቤ ከሷ ጋር ሆነ። ገንዘቡም አለ፣ ድካሙም አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እህል መጣል በእኛ ቤት ነውር ነው፣ ግፍ ነው። እንዲህ ስንባባል ከጆንያው ሥር የፈሰሰውን ዶሮዎቿ ይለቅሙ ነበር። ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ሦስቱ ክንፋቸውን ጣሉ፣ አፋቸው ተዝረበረበ፣ መቆም አቃታቸው። ሳይመሽ ሞቱ።

እናቴ ዶሮዎቹን አየች፣ ጆንያውን አየች፣ ከዚያ በር ላይ የሚጫወቱትን የእህቴን ልጆች አየች። ሌላ ክርክር አልነበረም። ኩንታሉን ከነጆንያው፣ ዶሮዎቹንም ጨምረን፣ ከውኃና ከሰው ርቀን ቀበርነው። ማታ ስታለቅስ ሰማኋት። ለዶሮዎቹ አልነበረም፣ ለጤፉ ነው።

ብዙዎቻችሁ "ቢታጠብስ? ቢሰጣስ?" ትላላችሁ። አይሆንም ወገኖቼ። ፀሐይ የምትወስደው ሽታውን ነው። መርዙ ግን እህሉ ውስጥ ይቀራል፤ ሽታው ሲጠፋ ይብስ ያታልላል። ፀረ ተባይ የነካው እህል ለሰውም፣ ለዶሮም፣ ለከብትም አይሆንም፤ ጠላም አይጠመቅበትም።

ይኼ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በኅዳር 1960 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1967 መሆኑ ነው፣ ኮሎምቢያ በምትባል አገር ቺኪንኪራ በተባለች ከተማ ሰዎች ጠዋት ዳቦ በሉ። የዳቦው ዱቄት የመጣው ፓራቲዮን የሚባል ፀረ ተባይ በጫነ የጭነት መኪና ነበር። ጠርሙስ መንገድ ላይ ተሰብሮ ዱቄቱ ላይ ፈሷል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ፣ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሞቱ፤ ከሟቾቹ የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎም በሕንድ ኬረላ ይኸው ፓራቲዮን በመርከብ ከምግብ እህል ጋር ተጭኖ ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል። ፓራቲዮንና የእኔው ዲያዚኖን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ፓራቲዮን እጅግ ይከፋል እንጂ ሁለቱም ሰውነትን የሚያጠቁት በአንድ መንገድ ነው። ያን ዱቄት የጫነውም ሰው እንደ እኔ "ወትፈው" ያለ ይመስለኛል።

እኔ የምለው፣ አንዱ ችግራችን ስሙ ነው። "መድኃኒት" እንለዋለን። መድኃኒት ሲሉት ሰው አይፈራውም፤ ከጤፍ ጋር ይጭነዋል፣ አልጋ ሥር ያኖረዋል። ጠመንጃ ያለው ሰው ቤት ግን ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ጠመንጃው መሬት አይጣልም፣ ልጅ አይነካውም፣ የራሱ መስቀያ አለው። እንግዲህ እንደ ጠመንጃ የሚገድለው ነገር ለምን መስቀያ አጣ?

ይኼን ያሳዩኝ ኮልፌ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ በጡረታ ያሉ ሃምሳ አለቃ። ኮልፌ እንደምታውቁት የፖሊስ ማሠልጠኛ ያለበት ሰፈር ነው፤ ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. መጥተው የተኩስ ትምህርት የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ ነው። ሃምሳ አለቃ የጤፉን ወሬ ሰምተው እናቴን ሊያጽናኑ መጡ። ግድግዳ ላይ የተደገፉትን ሁለት መርጫዎች አይተው እንዲህ አሉኝ፦

"ጠመንጃ መኪና ላይ ሲጫን ሦስት ጥያቄ ነው ያለው። ባዶ ነው ወይ? ሰደፉ የት አርፏል? አፈሙዙስ በምን ተይዟል? ሦስቱን ካልመለስክ መኪናው አይነሳም። ይኼ ያንተ ዕቃ ከዚያ በምን ይለያል? ቃታም አለው፣ አፈሙዝም አለው!"

ሳቅን። በማግሥቱ ግን አብረን አጠና ተራ ወርደን እንጨት ገዛን።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ እናንተ ደግሞ ባሕር ዛፉ ጓሯችሁ ስላለ ከእኔ ይረክስላችኋል። የደረቀ፣ ቀጥ ያለ አጠና ምረጡ። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ማሰሪያውም ይላላል። የእኛ መደርደሪያ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ይኼ ለሁለት ባለ 16 ሊትር የጀርባ መርጫና ለአንድ ባልዲ ይበቃል። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የራሳችሁን መርጫ ለኩ፣ ሁሉም እኩል አይደለም።

አንደኛ፣ ሰደፉ። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። መካከሉ በጣውላ ተከፍሎ እያንዳንዱ መርጫ የራሱ ጎጆ አለው። መርጫው ቆሞ ይገባል እንጂ አይተኛም።

ሁለተኛ፣ አፈሙዙ። የመርጫው ዘንግ ሁልጊዜ የሚሰበረው ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ነው። ከላይ ባለው አግዳሚ ላይ ሁለት ባላ እንጨት አሰርን። ዘንጉ ባላው ውስጥ ይገባል፤ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ጠፍር ይታሰራል። ላስቲክ ከገመድ ይሻላል፣ መኪናው ሲነጥር አብሮ ይሳብና ይመለሳል። የዘንጉን ጫፍ በላስቲክ ከረጢት ሸፍኑት።

ሦስተኛ፣ ጥይቱ። የኬሚካሉ ጠርሙስ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የቀለም ባልዲ ውስጥ ይቆማል። ዙሪያውን ሰጋቱራ ሞላንበት፤ አናጢ ቤት በነፃ ይሰጧችኋል። ሰጋቱራው ጠርሙሱን ከመጋጨት ይጠብቀዋል፣ ቢፈስም ይመጠዋል። ባልዲው ላይ "መርዝ" ብላችሁ በቀይ ቀለም ጻፉ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ የራስ ቅል ሳሉበት። ያ ባልዲ ከዚያ ወዲያ ለውኃ፣ ለጠላ፣ ለምንም አይሆንም።

አንድ ስህተታችንን ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። መጀመሪያ በሚስማር ብቻ መታነው። በአንድ ምልልስ ብቻ ሚስማሩ እየተሳበ ወጣ። የመኪና ንዝረት ሚስማር አይችለውም። ኋላ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በብሎን አሰርናቸው፣ መደርደሪያውንም ከስፖንዳው ጋር በአራት ቦታ። ሾፌሩ ሌላ ጭነት ሲኖረው ፈትቶ ያወርደዋል።

ቦታው ደግሞ የኋላ ጥግ ነው። እህሉ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይጫን፣ መደርደሪያው ከኋላ፣ መካከሉ ክፍት ይሁን። ለሰውም ሆነ ለምግብ የሚሆን ነገር ከላዩ አይቀመጥ። "እንግዲያው ጋቢና ይግባ" የሚሉ አሉ፤ በፍጹም! መስኮት ተዘግቶ ሽታውን ስትስቡት ነው የምትውሉት። እህሉ ብዙ ከሆነና ቦታ ከጠበበ ደግሞ ኬሚካሉ ሌላ ቀን ይሂድ። መደርደሪያው እህልና መርዝን አብሮ ለመጫን ፈቃድ አይደለም። ከተቻለ ለየብቻ መጫን ነው፤ መደርደሪያው ሌላ መኪና ላጣ ሰው ነው።

"ባዶ ነው ወይ?" ያሉትንም አትርሱ። መርጫው ከማሳ ሳይወጣ ሦስት ጊዜ በውኃ ይለቅለቅ፤ ልቅላቂው እዚያው በተረጨው ማሳ ላይ ይረጭ እንጂ ወንዝ አይግባ። ግፊቱን አስተንፍሱት፣ እጀታውን ቆልፉት። ኬሚካሉን ከነጽሑፉ በመጣበት ዕቃ ያዙ። ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ የገለበጠ ሰው ለተጠማ ልጅ ወጥመድ ዘረጋ ማለት ነው። ማንበብ ቢያቅታችሁም ጽሑፉ ግርጌ ያለውን ቀለም እዩ፤ ቀይ እጅግ መርዛማ ነው፣ ቢጫ ይከተለዋል፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። አረንጓዴም ቢሆን ከጤፍ ጋር አይጫንም።

"በዚሁ መደርደሪያ ጠመንጃውንስ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ነገር ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ስለ ጉዞውም መጀመሪያ የሚጠየቀው ፖሊስ ነው። የእኔ መደርደሪያ ለመርጫ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይታሰሩም።

ምናልባት ቢፈስና ሰው ቢነካ ወይም ቢያሸት፣ ምልክቱን እወቁት፤ ላብ ማጥመቅ፣ ምራቅ መብዛት፣ ማስመለስ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር። ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ወተት ስጡት፣ አስታውኩት የሚል ምክር አትስሙ። ጠርሙሱን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ሐኪሙ ምን እንደነካው ሲያውቅ ነው የሚረዳው።

መደርደሪያው ዛሬም በዚያው አይሱዙ ላይ ይመላለሳል። ባለፈው ዓመት ለእናቴ ጤፍ ስልክላት ጆንያው ሳይፈታ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁልጊዜ ታሸተዋለች። "ንጹሕ ነው እማዬ፣ ለብቻው ነው የመጣው" አልኳት። "አውቃለሁ ልጄ" አለች፤ ግን ደግማ አሸተተች።

የእናንተ እናት ጆንያ እንዳታሸት፣ ሚስታችሁም እንዳትጠራጠር፣ በዚህ በጋ አንድ ቀን ለዚህ ስጡ። አጠናውም አለ፣ ባላውም አለ። ያልገባችሁ ነገር ካለ የቀበሌያችሁን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጠይቁ፣ ጉዳዩን ያውቀዋል። ሾፌር ለሆነ ዘመዳችሁም አንብቡለት።

በሰላም አምርቱ፣ በሰላም ግቡ!