አንቺም አራስ ነሽ

እኛ ዳንግላ ልጅ ሲወለድ እልልታው ከጎረቤት ይሰማል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የማይል የለም። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይጥላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል። ፅንስ የወረደባት ሴት ግን አልወለደች፣ አልቀበረች። በሦስተኛው ቀን እንጀራ ስትጋግር ትታያለች። ሊጠይቃት የመጣም «ልጅ ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ» ብሎ ወሬ ይቀይራል።

እኔ ላይ የደረሰው በአራተኛው ወር ነበር። ሰው ሁሉ አጽናንቶኛል፤ ክፉ ያሰበ አልነበረም። ልቤ ያረፈው ግን አንዲት ጎረቤታችን ገንፎ ይዘው የገቡ ዕለት ነው። መሀሉ ጎድጎድ ብሎ፣ ቅቤና በርበሬው ሞልቶበት፣ ገና ይተናል። «እትዬ፣ እኔ እኮ አልወለድኩም» አልኳቸው። «ደምሽ ፈሶ የለም? አንቺም አራስ ነሽ፤ ብዪ» አሉኝ። ስበላ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ከበኩር ልጃቸው በፊት ሁለት እንደወረዱባቸው አጫወቱኝ። ሲከፋቸው አገውኛቸው ይቀድማል፤ ግማሹን በዚያው ነገሩኝ። ልጆቻቸው እስከ ዛሬ አያውቁም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ማርገዛቸውን ካወቁ 100 ሴቶች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ፅንሱ ይጨነግፍባቸዋል። አብረን ቡና ከምንጠጣው መካከል የደረሰባት አትጠፋም። ዝም ስለምንባባል ግን እያንዳንዳችን ለብቻችን የተቀጣን ይመስለናል። ከባድ ተሸክሜ ነው፣ ምች መትቶኝ ነው፣ ቡዳ በልቶኝ ነው እያልን ራሳችንን ስንከስ እናድራለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ግማሽ ያህሉ ከጅምሩ በክሮሞዞም መዛባት የሚመጡ ናቸው። እናቲቱ ተኝታ ብትከርምም አታስቀረውም።

ሾተላይ የሚባለው ደግሞ ሕክምናው የሚያውቀው ነገር ነው፤ የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ። ፅንስ ከወረደ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ፣ ቀጣዩን ልጅ ከዚህ ጣጣ የሚጠብቅ መርፌ አለ። የደም ዓይነታችሁን ሳታውቁ ከሐኪም ቤት አትውጡ። ይህን የነገረችኝ በቴሌግራም ድምፅ ብቻ የማውቃት፣ እሷም የደረሰባት ሴት ናት። ነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የእሷም ድምፅ ለወራት ጠፋብኝ። ያኔ ነው እዚሁ፣ በእግር የሚደረስበት ሰው እንደሚያስፈልገን የገባኝ።

በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነፍሰ ጡሮችን ይሰበስባሉ፤ ጥሩ ነገር ነው። ፅንሱ የወረደባትስ የት ትቀመጥ? ባሏስ? እሱም ልጅ ነው ያጣው፤ እሱን ማንም «እንዴት ነህ» አይለውም።

የደረሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስም አልጠይቅም፤ ለማንም አልናገርም። ዳንግላ ያላችሁ እሁድ ከሰዓት ቤቴ ቡና አለ፤ ማውራት የግድ አይደለም። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም አልቆም ያለ ደም ካለ ግን ከእኔ በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱ።